ሰላምታው በኋላ ይነበባል

ማንበብ የማይችል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መጠበቅን ነው። እናንተ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ዓይናችሁን ጣል አድርጋችሁበት ትገላገላላችሁ። እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ሰው እፈልጋለሁ፤ ሰው ሳገኝ መነጽሩን እስኪያወጣ እጠብቃለሁ፤ መነጽሩን ሲያወጣ እስኪወለውለው እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ለራሱ በሆዱ እያነበበ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ግንባሩን አንዴ ቋጠር አንዴ ፈታ ሲያደርግ ፊቱን አያለሁ። ፊደል አላውቅም። ፊደል የሚያነብን ሰው ፊት ግን ማንም እንደ እኔ አያነብም።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። እኔ አንድ ቃል ስናገር እሱ ሦስት ይጽፋል፤ መልሼ ሳስነብበው ሁለቱን አስፍቀዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያምር ቃል ካጋጠማችሁ፣ እሱ ደብቆ ያስገባው ነው።

ጉልምስናዬን የጨረስኩት በባቡር ሐዲድ ላይ፣ የላላ ብሎን በማጥበቅ ነው። በዚያን ጊዜ ከጅቡቲ የሚመጣ ደብዳቤ በባቡር ነበር የሚደርሰን። እዚህ ድሬ፣ እኛ ሰፈር መጋላ ውስጥ ማንበብ የሚችል ጠፍቶ ሳይሆን፣ ሰው ሁሉ የሚያምነው አንባቢ አንድ ብቻ ነበር፤ ሙሳ ልብስ ሰፊው። ባቡር በገባ ማግሥት የሙሳ ደጃፍ በሰው ይሞላል። አንዷ ከባሏ፣ አንዷ ከወንድሟ የተላከ ፖስታ ይዛ ትቆማለች። የዚያን ዘመን ደብዳቤ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ ሰላምታ ነው። እንደምን ከረማችሁ፣ ላሟ እንደምናት፣ ጎረቤት እንደምን ነው፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን እያለ ገጽ ሙሉ ይሄዳል። ሙሳ ይህን ሁሉ በተራ እያነበበ ቢቀጥል ኖሮ፣ ከባድ ወሬ የመጣባት ሴት ሳታውቅ ተራዋ እስኪደርስ እየሳቀች ትውል ነበር።

ሙሳ እንዲህ አያደርግም። የሁሉንም ፖስታ ይሰበስባል፤ በመቀሱ ጫፍ ጫፋቸውን ይቆርጣል፤ ሰላምታውን እየዘለለ አንድ በአንድ ዓይኑን ያሳርፍባቸዋል። ሕመም ወይም ሞት ያለበትን ከጭኑ ሥር ያደርጋል። ባለቤቷን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይጠራል። ሌላዋ እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት ብላ ስትነጫነጭ፣ «ያንቺ ሰውዬ ጫማ ገዛሁልሽ ነው የሚለው። ጫማ አይሸሽም። ሰላምታው በኋላ ይነበባል» ይላት ነበር። ሙሳ ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው፤ አላህ ይማረው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ጀማል የሚባል ልጅ አለኝ። አንድ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ መስፊያ መኪና ይጠግናል። በዕረፍቱ ቀን ጓደኛውን ሊጠይቅ ከከተማ ውጭ ዋሂል አድሮ በጠዋት ሲመለስ፣ የተሳፈረባት ባጃጅ ፍየል አድናለሁ ብላ ተገለበጠች። ፍየሏ ዳነች። ጀማል ጭንቅላቱን ከድንጋይ ጋር አላተመ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮኻል፤ የእኛ ዘር አይጮህም። ተነስቶ አቧራውን አራግፎ፣ ከነጂው ጋር ባጃጇን አቃንቶ፣ በእሷው ተሳፍሮ ሆስፒታል ገባ። ሚስቱ ዘይነባና እኔ ስንደርስ ድንገተኛ ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከበሽተኛው ሁሉ ጋር ሲጫወት አገኘነው።

«ምን ሆንክ?» አለችው ዘይነባ።

«አቦ ምንም አልሆንኩም። ጭንቅላቴን ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነው።»

ያየው ሐኪም ግን ሲቲ ስካን ይነሳ ብሎ አዘዘ። ስካን ክፍሉ በር ላይ ታደለ የሚባል፣ የተረኛ ስም የሚመዘግብ ጎልማሳ አለ። ጀማል ዘጠነኛ ሆኖ ተመዘገበ። እዚህ ጋ የድሬ ሰው ያለበትን በሽታ ልንገራችሁ፤ ይህን በሽታ የትኛውም መሣሪያ አያየውም። ተራውን መስጠት እንጂ ማስከበር አያውቅም። ጀማል ወገቧን የታመመች አሮጊት ስትቃትት አየና «እሷ ትቅደም» አለ። ቀጥሎ ማታ ማታ ጉልበቱን የሚቆረጥመው ሰውዬ መጣ፤ «አቦ እሱ ይቅደም፣ መቆም አልቻለም» አለ። ሦስተኛው የጅግጅጋ ነጋዴ ነበር፤ በሽታው ከአፍንጫው ሥር የሚቆረቁረው ነገር ነው። «ወሪያ፣ ግባ ግባ፣ መኪናው ያመልጥሃል» ብሎ በእጁ ገፋ አድርጎ አስገባው። ዘጠነኛው ልጄ አሥራ ሁለተኛ ሆነ። ዘይነባ ጥርሷን ነከሰች። እኔ ግን ደግ ልጅ አሳድጌያለሁ ብዬ ትንሽ ኮራሁ፤ አልዋሻችሁም።

ጀማልም ተራው ደርሶ ተነሳ፤ ፎቶው ራሱ ጊዜ አይፈጅም። ሰውየውን አስተኝተው በክብ ቀዳዳ ውስጥ ያሳልፉታል፤ እኔ ጢሜን ከምላጭበት ጊዜ ያነሰ ነው። ነገሩ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ፎቶውን የምታነብ አንዲት ሐኪም ናት፤ ዶክተር ራሔል ይሏታል። እሷ አንብባ፣ ጽፋ፣ ማህተም አርፎበት ወረቀቱ ካልወጣ ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋውን አያነሳም። በሕይወቴ ሙሉ አንባቢ የምጠብቅ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሐኪምም ይጠብቃል።

ከተማውን በዚያ ሰዓት ታውቁታላችሁ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሱቁን ሁሉ ታዘጋለች፤ ሰው ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ኮሪደሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ዝንብ ነው። ጀማል ወደ እኔ ዞር አለና፣

«አባ፣ ባጃጅ ነጂው ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው። አንተን አድርሶ ሄደ።»

ጥቂት ቆየና «አባ፣ ባጃጅ ነጂው ደህና ነው?» አለ። አሁንም መለስኩለት። ዘይነባ ውኃ ልታመጣ ሄዳ ተመለሰች፤ ውኃውን ቀመሰና አስመለሰው። አፉን ጠርጎ ለሦስተኛ ጊዜ ስለ ባጃጅ ነጂው ጠየቀኝ። ከዚያ «ትንሽ ልተኛ» ብሎ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ነርሷ መጥታ የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጋ አየች፤ እየተራመደች መጥታ እየሮጠች ሄደች። ቀዶ ሐኪሙ መጣ፣ ልጄን አየ፣ «ክፍሉን አዘጋጃለሁ፣ ውጤቱን ቶሎ አምጡልኝ፤ የት ጋ እንደሚፈስ ሳላውቅ ጭንቅላት አልከፍትም» አለና ገባ። ጀማልን በተሽከርካሪ አልጋ አስተኙት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ አንድ ወረቀት ሆነ።

ዘይነባ ቀፊራ ገበያ ልብስ የምትሸጥ ናት፤ ምላሷ የሰላ ነው። የታደለ መመዝገቢያ መስኮት ላይ ተደገፈች።

«የባሌ ውጤት የት ደረሰ?»

«እየተነበበ ነው እህቴ።»

«የእሱ ነው የሚነበበው?»

«የአራተኛው።»

«አራተኛው ማን ነው?»

ታደለ መዝገቡን አየ። «ወገብ። በጠዋት የመጣ ሰውዬ ነው።»

«ወገቡ ይሞታል?»

«ተራ ነው እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ። ደግሞ እኮ ባልሽ ሲገባ ሲስቅ ነበር። የባሰበት ሰው ይጮኻል፣ እንሰማለን።»

«እንግዲያው እኔ ልጩህለት?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ደግሞ እንደ ሐዲድ ይጋደማሉ። አንድ ነገር ይበሉ እንጂ አባ። ልጅዎ እኮ ነው።»

ልክ ነበረች። እኔ ሰው ፊት ቆሜ የተከራከርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዝምታ ለእኔ ቤቴ ነው። ግን የልጄን ፊት አየሁት፤ አፉ በአንድ በኩል ላላ ብሏል፣ ያንኮራፋል፤ ጀማል በሕይወቱ አንኮራፍቶ አያውቅም። ተነሳሁ። የዶክተሯን ክፍል አንኳኳሁ። መልስ አልመጣም፤ ከፈትኩና በሩ ላይ ቆምኩ።

ጨለም ያለች ቀዝቃዛ ክፍል ናት። ዶክተሯ ገና ልጅ ናት፤ ሁለት መስኮት የሚያህል የሚያበራ ነገር ፊት ለፊቷ ተገትሯል፣ ምሳዋ ከነክዳኑ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል። ዞራ ሳታየኝ፣

«ተራ ይጠብቁ» አለች።

«እሺ» አልኩ። አልወጣሁም።

«አባባ፣ የትልቅ ሰው ዘመድ ነኝ፣ ስልክ ይደወልልኛል እያለ ስንቱ እዚህ ይገባል። አንዱን ካስቀደምኩ ያ ውጭ ያለው ድሃ ማን አለው? ተራ አላበላሽም ብዬ ምያለሁ።»

እንግዲህ ፍረዱ። መጥፎ ሴት ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። እውነተኛ ሰው ስለሆነች ልጄ ሊሞት ነው።

«ተራውን አታበላሺ» አልኳት። «የልጄን አስቀድሚ አላልኩሽም።»

አሁን ዞራ አየችኝ። «ታዲያ ምን ፈልገው ነው?»

«አንዱ ይህን ያህል የሚቆየው ለምንድን ነው?»

የደከመው ሰው ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ እንደሚያደርገው ትንፋሿን ለቀቀች። «ሁሉን መጻፍ አለብኝ አባባ። የታመመውን ብቻ አይደለም። ይህ አጥንት ደህና ነው፣ ያ ደህና ነው፣ ከላይ እስከ ታች ደህና የሆነውንም ደህና ነው ብዬ ካልጻፍኩ ወረቀቱ ሙሉ አይባልም።»

ያን ጊዜ ነው ሙሳ ልብስ ሰፊው ከነመቀሱ ዓይኔ ላይ ድቅን ያለው።

«እሱ ሰላምታው ነው» አልኳት።

«ምን?»

«ሰላምታውን ዝለዪው። የቀሩትን ሁሉ አሁን ክፈቻቸው፤ የልጄን ብቻ አይደለም። ሞት ያለበትን ብቻ ፈልጊና ለዪ። ከዚያ ከአራተኛው ጀምረሽ በተራ ቁጭ ብለሽ ጻፊ። ማንም አይቀየምሽም።»

ከሙሳ ሞት ወዲህ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። አፌ ደረቀ። ከዚያ እጇን ሰደደችና ያን አራተኛውን ወገብ ከፊቷ አስወገደችው።

አምስተኛውን ከፈተች፤ ፎቶውን እንደ ገበያ ጨርቅ ገለጥ ገለጥ አድርጋ ዘጋችው። ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን። እኔ የሚያበራውን ነገር አላይም፤ ፊቷን ነው የማየው። ግንባሯ እንደ ተፈታ ነው። ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውን። አሥራ አንደኛው ያ የጅግጅጋ ነጋዴ አፍንጫ ነበር፤ እሱም አለፈ። አሥራ ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ። ቅንድቧ አልተነሳም፣ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኖቿ ብቻ ጠበቡ። ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ስልኩን አነሳች፤ ግን ከመደወሏ በፊት አሥራ ሦስተኛውንም ከፈተች። ሁሉንም ብያታለኋ።

አሥራ ሦስተኛው ላይ ከወንበሯ ተነሳች።

አሥራ ሦስተኛዋ ከሐርላ የመጣች ሴት ናት። ከአህያ ጀርባ ወድቃ ሆዷን ተመትታለች። አማርኛ አታውቅም፤ ባሏም ተጨንቆ ኦሮምኛው እንኳ ጠፍቶበታል። ከጠዋት ጀምሮ ነጠላዋን ተከናንባ ከእኛ ጀርባ ተቀምጣ ነበር፣ አንድም ጊዜ አልቃተተችም። ከእኛ ዘር የባሰ ዝምተኛ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዶክተሯ በስልኩ ለቀዶ ሐኪሙ የነገረችው አጭር ነው። ሴትየዋ ሆዷ ውስጥ እየደማች ነው። ሰውየው ከራስ ቅሉ በታች፣ በቀኝ፣ ደም ቋጥሯል። ጽሑፉ ይከተላል አለችና ዘጋች። ጨረሰች። ያን ሁሉ ሰዓት የጠበቅነው ነገር የቧንቧ ውኃ ብርጭቆ እስኪሞላ ያህል እንኳ አልፈጀም።

ከክፍሉ ስወጣ ሴትየዋን በሩጫ ሲያስገቧት አየሁ። ያ ለጀማል ተዘጋጅቶ የነበረው ክፍል ነው።

ዘይነባ አየችኝ። «ምን አሉ?»

«አገኙት። ደም ነው።»

«ታዲያ ለምን አያስገቡትም? ያቺ ሴት ከእኛ በኋላ አይደለችም?»

«እሷ ባሰች።»

«ማን አስከፈተው የእሷን?»

ወደ ልጄ አልጋ ዞርኩ። ገባት። ያየችኝን አስተያየት ለጸሐፊዬ ነግሬው ብዙ ቃል ጻፈበት፤ ሁሉንም አስፍቄዋለሁ። «ሌላ አባት ቢሆን የልጄን አለ» አለች ቀስ ብላ፣ «እርስዎ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌ ሆነው ገቡ።» ጩኸቷን ለምጄዋለሁ፤ ያ ቀስታዋ ነው የወጋኝ።

ሁለተኛውን ቀዶ ሐኪም ከቤቱ ጠርተውት ነበር። ዶክተሯ ምሳዋን ትታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ መልሳ ደወለችለት፤ ነርሷ ሌላውን ክፍል ታዘጋጃለች፤ ታደለ መስኮቱን ጥሎ ወጥቶ አልጋውን እየገፋ በሩ ድረስ አደረሰ፣ ሐኪሙ እንደ መጣ ወዲያው እንዲገባ ብሎ። እኔ የጀማልን እግር ይዤ ቆምኩ። ጫማው ላይ የዋሂል አቧራ ነበር። በልቤ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? ያስከፈትኩት ትክክል ነው አልኩ። ሁለተኛው ሐኪም ባይደርስስ? ያን ጊዜም ትክክል ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ቤቴ መግባት አልችልም ነበር። ሁለቱንም አልኩ።

ሐኪሙ በነጠላ ጫማ ደረሰ። ከቤቱ እንደ ነበረ ነው የወጣው። ልጄን አስገቡት።

ማታ ጭንቅላቱ በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሞ አየሁት። በማግሥቱ ዓይኑን ገለጠና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ዘይነባ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ስሟን የሚጠራ መስሏት።

«ባጃጅ ነጂው ደህና ነው?» አለ።

ለአራተኛ ጊዜ መለስኩለት። የሐርላዋም ሴት ተርፋለች፤ ባሏ በሌላ ቀን አንድ ኩንታል ሊሞላ ምንም ያልቀረው የቁልቋል ፍሬ ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ። ዘይነባ እሾሁን እየለቀመች ስታስተናግደው ዋለች፤ ስለዚያ ቀን ግን ለእኔ ምንም አላለችም፤ ከዚያ ወዲህ ምሳ ስታቀርብ ለእኔ ታስቀድማለች።

ዶክተር ራሔል ነገሩን አልተወችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከድንገተኛ ክፍል የመጣ ፎቶ ሁሉ እንደ ተነሳ ዓይን ያርፍበታል፤ የሚደማ ከተገኘ በስልክ ይነገራል፤ ረጅሙ ጽሑፍ በተራው ይጻፋል። ታደለ መጀመሪያ አልወደደውም ነበር። መዝገቡ ተበላሸብኝ፣ አሥራ ሦስተኛ ከአራተኛ በፊት እንዴት ይወጣል እያለ አጉረመረመ። አሁን ግን ራሱ ዝም ብለው የተቀመጡትን ሰዎች እየዞረ ያያቸዋል ይባላል። የሚጮኸውንማ ለማየት መዞር አያስፈልገውም።

ይህ ከሆነ ከወራት በኋላ እኔ ራሴ ቤቴ በር ላይ ደረጃ ስቼ ወደቅሁ። ግንባሬ ተተረተረ። ጀማል በባጃጅ አፍሶ ወሰደኝ፤ ሰፉኝ፣ በዚያ ቀዳዳ አሳለፉኝ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጡን። አንዱ ተጠራ። ከእኛ በኋላ የመጣ ሰው ተጠራ። ከእሱም በኋላ የመጣች ሴት ተጠራች። ጀማል ብድግ አለና የታደለ መስኮት ላይ ተደገፈ፤ ትከሻው እንደ ሚስቱ ሆኗል።

«አቦ ይህ እንዴት ነው? አባቴ ሽማግሌ ሰው ነው፣ በጭንቅላቱ ነው የወደቀው፣ ከእኛ በኋላ የመጣው ሁሉ እየገባ...»

«ታይቷል ወንድሜ።»

«መቼ ታየ? ወረቀቱ የታለ?»

«ወረቀቱ ይደርሳል።»

«መቼ ይደርሳል?»

በዚህ መሐል ዶክተሯ በሩን ከፈተችና አንገቷን አወጣች፤ አወቀችኝ፤ ፈገግ አለች። «አባባ፣ የእርስዎ ነገ ይደርሳል። ይሂዱ ቤትዎ» ብላ መልሳ ዘጋችው።

«ነገ?» አለ ጀማል። ጠባሳው ቀላ። «ነገ ይላሉ እንዴ ለሰው? እኔ አልሄድም። ከዚህ አልነቃነቅም።»

ክንዱን ያዝኩት። «ና እንሂድ።»

«አባ፣ አንተ ደግሞ ዝም ትላለህ። በእኔ ጊዜ እንዲህ ነበር?»

«ላንተማ አስቸኩለናል።»

«ታዲያ ላንተስ?»

«የእኔ ሰላምታ ነው» አልኩት። ባጃጅ ጠራሁ። መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም፣ ነገ በጠዋት መጥቼ አሳያቸዋለሁ ሲል፣ እኔ ግንባሬ ላይ ያለውን ፋሻ በእጄ ይዤ ነፋሱ ፊቴን እንዲመታኝ ወደ ውጭ አዘንብዬ ተቀመጥኩ። መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሜ ነገ ና ስባል አንድ ዕድሜ ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።